ለቢራቢሮና የእሳት እራት ጥናት ቡድን አባላት፦ የቅዳሜ ምሽትና የእሑድ ጠዋት ምልከታ

ሰላም ለሁላችሁ፣

በመጪው ቅዳሜና እሑድ ቦዬ ረግረጋማ ስፍራ አጠገብ ወጥተን የምናያቸውን ዝርያዎች እንመዘግባለን። ቅዳሜ ከምሽቱ 12፡30 ላይ የእሳት እራት፣ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ቢራቢሮ። የምንነሳው ሁለቱንም ቀን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር ነው።

የእሳት እራቶቹን በብርሃን ለመሳብ አምፖልና ነጭ አንሶላ ተዘጋጅቷል። እናንተ የእጅ ባትሪ፣ ጃኬት፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል።

ማታውን እንዳትቀሩ አደራ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. እነዚህን ባለ ቅርፊት ክንፍ ነፍሳት፣ ማለትም ቢራቢሮዎችንና የእሳት እራቶችን፣ በሦስት ወገን ብቻ ነበር የከፈላቸው። ዛሬ ስም ያላቸው ዝርያዎች 160,000 ገደማ ደርሰዋል፤ ቢራቢሮዎቹ ግን 20,000 እንኳ አይሞሉም። ብዙው ሥራ ያለው የሌሊቱ ላይ ነው።

ስትመዘግቡ መጀመሪያ አንቴናውን እዩ፦ የቢራቢሮ ጫፉ ላይ እንደ ዱላ ያብጣል፤ የእሳት እራት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው። ቀለም ብቻውን ያሳስታል። ባለፈው «ቡናማ፣ ትንሽ» ተብለው ቦታና ሰዓት ሳይጻፍባቸው የቀሩትን የትም ልንመድባቸው አልቻልንም፤ በጣም ያሳዝናል።

አንድ የምንወስነው አለ፦ ናሙና እንሰብስብ ወይስ ፎቶ ይበቃል? አንዳንድ ዝርያ ያለ ናሙና አይለይም። ቢሆንም እኔ ፎቶ ይቅደም፣ ናሙና የግድ ሲሆን ብቻ ይወሰድ ባይ ነኝ።

የምትመጡበትን ቀንና በናሙናው ላይ ያላችሁን ሐሳብ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።