ከአንቲባዮቲክ በኋላ ሽሮውን አትተዉ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኛ ሰፈር አንቲባዮቲክ ለታዘዘለት ሰው ምክሩ አንድ ነው፤ «እርጎ ጠጣበት»። እርጎ አልጠላም። ግን ወሬው እዚያ ላይ ማለቁ ያናድደኛል።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ይህን ሥራ ስንት ሐበሻ እንደሚሠራው ታውቃላችሁ። እኛ ጋ «ሲ ዲፍ» ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። ክፉ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚነሳውም አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ነው። በሩ ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ ጋውንና ጓንት እንለብሳለን፣ ስንወጣም በሳሙናና በውሃ እንታጠባለን፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ስፖሩ በአልኮል ሳኒታይዘር አይሞትማ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በገመተው መሠረት በ2017 አሜሪካ ውስጥ 12,800 ሰው ገድሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ጥሩውንም መጥፎውንም ባክቴሪያ ጠራርጎ ትልቁን አንጀት ወና ቤት ያደርገዋል፣ ሲ ዲፍ ደግሞ ወና ቤት ይመቸዋል። ቤቱን መልሰው የሚሞሉት ደጎቹ ባክቴሪያዎች የሚበሉት እኛ መፍጨት ያቃተንን ፋይበር፣ አሰር የምንለውን፣ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ነው። እሱን እንደ ሊጥ አብላልተው ቡቲሬት ያወጣሉ፤ የአንጀታችን ግድግዳ የሚመገበው ይህንኑ ነው። በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሲ ዲፍ በያዛቸው አይጦች ላይ ሞክረውታል። ፋይበር የሌለው ምግብ ሲበሉ ባክቴሪያው ሙጭጭ ብሎ ቀረ፣ ፋይበር ሲያገኙ በጣም ቀነሰ። አይጥ ሰው አይደለም፣ ሽሮም ሲ ዲፍ የሚታከምበት የቫንኮማይሲን መድኃኒት ምትክ አይሆንም፤ እሺ።

እኛስ ለታመመ ሰው ምን እናቀርባለን? ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ የዶሮ ሾርባ። እናቴ አምና ለጥርሷ ክሊንዳማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞላት ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላችው ይህንኑ ነው፣ «ሽሮ ይከብደኛል» እያለች። ሆዷ ደህና ነበር እኮ! ምስሩና ጎመኑ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ። እንጀራውም ቢሆን እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ስሙ ነው እንጂ ነጭ ዱቄት የበዛበት ነው፤ ስትገዙ ጤፉ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ።

ተቅማጥ ከጀመረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከወጣችሁ ቆሎ መቆርጠምም ሆነ ከፋርማሲ ማስቆሚያ ገዝቶ መዋጥ አያዋጣም፤ ሐኪም ጋ ደውሉና «አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር» በሉ። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ብዙ ሰው ይህችን ሳይናገር ይቀራል።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ