ትንፋሽ ላጠረው ሰው ሆዱንም ጠይቂ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ዛሬም ፒያሳ ወርዶ ማኪያቶውን ካልጠጣ ቀኑ አይነጋለትም።

ድንገተኛ ክፍል ተመደብኩ ስትይኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ከነርስነት ዘመኔ ያልረሳሁትን አንድ ሌሊት ልንገርሽ።

የፋሲካ ማግስት ነው። ከአዘዞ በኩል አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በቃሬዛ መጣ። በግራ ደረቱ የአየር ድምፅ የለም። ተረኛው ሐኪም «አየር ሳንባውን ተጭኖታል» ብሎ ደረቱን ሊወጋ መርፌ አዘጋጀ። አልፈርድበትም፣ ማንም እንደዚያ ይላል። እኔ ማዳመጫውን ሳሳርፍ ግን ከጡቱ ሥር ጉርርር አለኝ። የሆድ ድምፅ፣ ደረት ውስጥ! ሸሚዙን ገለጥ ባደርግ ከጎድኑ በታች የቆየ ጠባሳ አለ። ሚስቱን ብጠይቃት «ድሮ በጩቤ ተወግቶ ነው፤ ድኗል» አለችኝ።

የዳነው ቆዳው ነው። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ ላይ የቀረችው ቀዳዳ ውላ አድራ ሰፍታ ጨጓራው ወደ ደረቱ ሾልኳል። 55 ቀን ጾሞ የፈሰከበት ዶሮና ጠላ ሲነፋው ጊዜ ሳንባውንም ልቡንም ገፋ። ያ መርፌ ቢገባ የሚበሳው ጨጓራውን ነበር።

በአፍንጫው ቱቦ ሰደድን፣ ቀስ ብለን። ጨጓራው ከተጠማዘዘ አልገባም ሊል ይችላላ። ፉሽሽ ሲል ክፍሉ ጠላ ጠላ ሸተተ። ሰውዬው ተነፈሰ። በራጅ ሲታይ የቱቦው ጫፍ ደረቱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ቀዶ ጥገና ሄደ። እንዲህ ያለው በግራ የሚበዛው ቀኙን ጉበት ስለሚከልለው ነው።

ክፉኛ አስመልሶት ወዲያው ደረቱን ውጋት ይዞት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢመጣብሽ ደግሞ አንገቱን ዳብሺው። ቆዳው ሥር ክርችክርች ካለ የምግብ ቧንቧው ተቀዶ ይሆናል። ውሃ እንኳ እንዳታቀምሺው፤ ቀዶ ሐኪሙን ቶሎ ጥሪ።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቁና ቁና የሚተነፍስም ይመጣል። በእኛ አገር የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ብርቅ አይደለም፤ የተነፋው ሆድ ድያፍራሙን ሽቅብ ይገፋዋል። «ፈስ ከወጣህ ስንት ቀን ሆነህ?» ብለሽ ጠይቂው። እሱ ይፈር እንጂ አንቺ አትፈሪ።

ሽሮና ድቁስ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ተረኛ ነኝ ብለሽ ሳትበዪ እንዳታድሪ፣ ሆዴ።

እናትሽ
ከጎንደር