ኮምፒውተሩን ከመጣላችን በፊት ፋይሉን እንይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ካበቃ ወዲህ፣ ከደጀን እስከ ሞጣ በየጽሕፈት ቤቱና በየጥገና ቤቱ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «አሮጌውን ጣሉትና አዲስ ግዙ» ነው። ሌላው «ዊንዶውስ 11ን በግድም ቢሆን እንጭንላችኋለን» ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለቆሎ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ምክሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይጠየቅ የሚሰጡ ናቸው።

ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ነገ አይነሳም ማለት አይደለም። የሚቋረጠው ማይክሮሶፍት በየወሩ ይልክ የነበረው የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ክሮም ግን እስከ 2015 ዓ.ም. አብሮት ቆይቶ ቨርዥን 109 ላይ ተለየው። ዛሬ 7 በተጫነበት ማሽን አንዳንድ ድረ ገጽ ተበላሽቶ ቢከፈት ጥፋቱ የኔትወርኩ ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ 10ን በግል ለሚጠቀም ሰው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አለ። ማሽኑ 22ኤች2 የተባለው ቨርዥን ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በሴቲንግስ የአፕዴት ገጽ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብ ነው። ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር ለሚያመሳስል አያስከፍልም፤ አለዚያ 30 ዶላር ነው። ይህ ግን ለግለሰብ የተዘጋጀ እንጂ ለመሥሪያ ቤት አይደለም።

ማሽኑ 11ን መቻል አለመቻሉን ለማወቅ ጥገና ቤት መሄድ አያስፈልግም። የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ኢንቴል ከሆነ የቁጥሩን መነሻ ማየት ነው፦ አይ5-7200 ያለው 7ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ አያልፍም፤ አይ5-8250 ያለው 8ኛ ስለሆነ ያልፋል፤ 10210 ዓይነት ባለ አምስት አሃዝ ደግሞ 10ኛ ነው። ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጭኖ በእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብሎ መጻፍ። በሚከፈተው መስኮት ላይ የቲፒኤም፣ ማለትም የደኅንነት ቺፑ፣ ቨርዥን 2.0 መሆን አለበት። «አልተገኘም» ካለ ተስፋ አይቆረጥም፤ ብዙ ጊዜ ቺፑ እያለ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል፤ ማብራት ብቻ ነው። ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው፣ 4 ጂቢ ወረቀት ላይ ይበቃል ይባላል። ክሮምና ወርድ አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን አይበቃም፤ 8 ይሁን።

በግድ መጫኑስ? ሩፈስ የተባለው ፕሮግራም የመጫኛውን ፍላሽ ሲያዘጋጅ የቲፒኤሙንና የፕሮሰሰሩን ፍተሻ ይዘልላል፤ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ እንደሚልክ ዋስትና አይሰጥም፤ በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ ቨርዥንም እንደገና በእጅ መጫን ይመጣል። ኮር 2 ዱዎ በተባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ 24ኤች2 ከተባለው የ11 ቨርዥን ጀምሮ ያለው ጭራሽ አይነሳም፤ ፕሮሰሰሩ የሚጠየቀውን ትእዛዝ አያውቀውም።

በእኛ አገር ትልቁ ኪሳራ ግን ከፕሮሰሰር ሳይሆን ከፊደል ይመጣል። በየወረዳው፣ በየቤተ ክህነቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ለዓመታት የተጻፈው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የግእዝ ጽሑፍ ብዙው በድሮው ቪዥዋል ግእዝ ወይም በፓወር ግእዝ የቀድሞ ፎንቶች የተተየበ ነው። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ለቅኔ አገር ሰው ነገሩ አይከብድም፤ ፎንቱ ከሌለ ሰሙ ይነበባል እንጂ ወርቁ አይገኝም። ፎርማት የተደረገው ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት ገጹ ትርጉም በሌለው ፊደል ይሞላል፤ ያኔ «ቫይረስ በላው» ተብሎ የተሰረዘ ጽሑፍ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

መለየቱ ቀላል ነው። ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን ማድረግ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ነው፤ የትም ቢሄድ አይጠፋም። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከተለወጠ የድሮው ዓይነት ነው። ሴቭ ሳይደረግ ይዘጋና፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የፎንቶቹ ፋይል ወደ ፍላሽ ይገለበጥ። ጠቃሚ የሆነው ጽሑፍ ደግሞ በአሮጌው ማሽን ላይ እያለ ፒዲኤፍ ሆኖ ሴቭ ይደረግ፤ ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። መለወጫ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ግን እንደ ቷ እና ኳ ያሉትን ዲቃላ ፊደላትና የግእዝ አኃዝ ስለሚያዛቡ ከለወጡ በኋላ ዓይን ይፈልጋል።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ትንሽ ጣጣ አያጣም። በኒያላ ፎንት የተዘጋጀ ሰነድ አዲስ የተጫነ 10 ወይም 11 ላይ ሲከፈት በኢብሪማ ይታይና ሦስት ገጽ የነበረው አራት ይሆናል፤ የፊርማው ቦታ ለብቻው ይወርዳል። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ አብሮ አይጫንም። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መጨመር ነው፤ ለዚያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

ወደ ማሻሻሉ ስንመጣ፣ ክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ማጉረምረም ሲጀምር ይህን ሥራ መጀመር ደፋርነት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ፋይል መገልበጥ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ ብዙም አይጎዳም። ማሽኑ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ ያለው ግን የነበረው ሥርዓት የሚወገድበትና አዲሱ የሚገባበት ነው። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይሞክራል፤ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን በመጻፍ ላይ የነበረው ክፍል ተበላሽቶ አልነሳ ሊል ይችላል። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ የሚይዘው ለደቂቃዎች ነው፣ ሥራው ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕና በጠዋት ይሁን። ሥራው ካለቀ በኋላ ካልተስማማ ወደ 10 መመለሻው ክፍት የሚሆነው 10 ቀን ብቻ ነው። 24ኤች2 ከባዶ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ ዲስኩ በራሱ ሊቆለፍ ስለሚችል፣ ባለ 48 አሃዙ መክፈቻ ቁጥር ባዮስ ከመነካቱ በፊት በወረቀት ይገልበጥ።

11ን ለማይችለው ማሽን የእኔ ምርጫ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ነፃ ሥርዓት፣ ሊነክስ ሚንት (ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ ዓይነት)፣ ነው። ሚንት 22 ድጋፉ እስከ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል፣ በ4 ጂቢ ራም ይራመዳል፣ ፈቃዱ ነፃ ስለሆነም «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል አክቲቬተር (ያልተገዛ ዊንዶውስን የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም) አይፈልግም። እነዚያ አክቲቬተሮች የሚያመጡት ጦስ ለሌላ ደብዳቤ ይቆይ። በ8 ጂቢ ፍላሽ ሳይጫን ይነሳልና መጀመሪያ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ ይሞከር። የዋይፋዩ ቺፕ ብሮድኮም ሆኖ ካልያዘ ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ በስልኩ ዳታ ድራይቨሩን ማውረድ ይቻላል። ለአማርኛ፣ አይባስ የተባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ጋር ተጭኖ «ሴራ» የሚለው አማርኛ ይመረጣል፤ አጻጻፉ በድምፅ ስለሆነ ፓወር ግእዝ የለመደ እጅ ብዙ አይቸገርም። ሊብረ ኦፊስ በተባለው የቢሮ ፕሮግራም የወርድ ሰነድ ይከፈታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ፎርም ግን ይዛነፋል።

ሚንት የማይሆንበት ቦታም አለ። በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሒሳብ ክፍል ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። እሱም ቢሆን ከመነካቱ በፊት ፋይል ከሚለው ባክአፕ ይወሰድ፤ ባክአፑ የሚመለሰው በዚያው ወይም በአዲስ ቨርዥን እንጂ በአሮጌ አይደለም። ሌዘርጄት 1020 እና ፒ1102 የተባሉት ፕሪንተሮች ያላቸው ደግሞ ሊነክስ ላይ የኤችፒን ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ካላወረዱ ወረቀት አይወጣላቸውም።

የትኛውም ቢመረጥ የማሽኑን ዕድሜ የሚያራዝመው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) መተካት ነው፤ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ 240 ጂቢ ይበቃል። ራም የሚገዛ ሰው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤልን ይለይ፤ 4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ዲዲአር3ኤልን፣ ማለትም ባለ 1.35 ቮልቱን፣ ይፈልጋልና ባለ 1.5 ቮልቱ ሲሰካ ላይነሳ ይችላል። የወጣውን ሃርድ ዲስክ ደግሞ አትሽጡት። ቀንና የክፍሉን ስም ጽፋችሁ ለአንድ ዓመት ካዝና ውስጥ አስቀምጡት፤ የተረሳው ፎንትና የተረሳው ደብዳቤ የሚፈለገው በጀት ሲዘጋ ወይም ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ