የሐይቅ ዓሣ ፀሐይ ላይ እንዳይቀር፦ የድጋፍ ጥሪ

የተሁለደሬ ልጆች፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በሪያድ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሰላማችን ይድረሳችሁ። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቃችን ዳር ዓሣ ለሚያሰግሩ ወንድሞቻችንና ዓሣውን አጽድተው ለሚሸጡ እናቶችና እኅቶች የጋራ ማራገፊያ ዳስ ከነበረዶ ቤቱ ልንሠራ ተነሥተናል። እጃችሁን እንፈልጋለን።

ሐይቁ ስስታም አይደለም። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) እ.ኤ.አ. በ1978 ከሌላ ውኃ መጥቶ ከተለቀቀበት ወዲህ በዚህ ዓሣ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። አስጋሪው ማታ፣ ድሮ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን በቀጭን መሬት ከዳር በተያያዘው በእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት መረቡን ይዘረጋል፤ ሌሊቱን በብርድ አሳልፎ ንጋት ላይ ያነሳል። ችግሩ የሚጀምረው ታንኳው ዳር ከደረሰ በኋላ ነው። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ይቆያል። ቆሮሶ ግን ቶሎ ይሞታል፤ ሙቀት ካገኘው ሥጋው ይላላል፣ ይሸታል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ አንድ ዋጋ ተናግሮ ዝም ይላል፤ ፀሐይዋ ትከራከርለታለች። እሱንም ብቻ አንወቅስም፤ እስከ ደሴ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ በረዶ ነው የሚጓዘው። በጾም ወራት ፈላጊ ስለሚበዛ ትንሽ ይሻላል። ጾም ሲፈታ ግን ያደረ ዓሣ የሚጣልበት ቀን አለ፤ ያ ዓሣ የአንድ ቤት ጤፍ፣ የልጅ ደብተር ነበር።

ሴቶቹን ደግሞ መጥታችሁ ብታዩ! ልጅ አዝለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅርፊት ይፍቃሉ፣ ፊሌቶ ያወጣሉ፤ የክንፉ እሾህ ያልወጋው ጣት የላቸውም። ጥላ የለም፣ ቧንቧ የለም። የሚያጥቡት በሐይቁ ውኃ ነው፤ ሆድ ዕቃውም እዚያው ይመለሳል። ሐይቃችን ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውኃ ይገባለታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የጣልንበት ሁሉ ከእኛው ጋር ይኖራል።

ሌላም ጉዳት አለ። ዋጋ የወደቀበት አስጋሪ በብዛት ለማካካስ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ይጥላል፤ ገና ያልወለደው ዓሣ ይወጣል። ምክር ብቻውን ይህን አላስቆመም፤ እራት የሚጠብቁ ልጆች ያሉትን ሰው በባዶ እጅ መምከርም ይከብዳል። በረዶ ካለ ግን ዓሣው ሳይበላሽ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ ባለቤቱ ዛሬ ያልተስማማበትን ነገ ይሸጣል። ስለዚህ ከወዲሁ አንድ ደንብ ተስማምተናል፦ ትንንሽ ዓሣ ይዞ የመጣ በበረዶ ቤቱ አይገለገልም።

የምንሠራው ባለ ቆርቆሮ ዳስ፣ ውኃው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት የሲሚንቶ ማጽጃ ጠረጴዛ፣ የቧንቧ መስመርና የተረፈ ዓሣ መቅበሪያ ነው። በረዶ ለመሥራት ፍሪዘሮች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቅዝቃዜ የሚይዙ ሳጥኖች ያስፈልጋሉ። በእኛ አገር ሙቀት ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ግድ ስለሆነ ከሁሉ የሚከብደን ይኸው የፍሪዘሩ ወጪ ነው። ድንጋዩንና አሸዋውን እኛ እናቀርባለን። ጉልበቱን ቅሬዎቻችን (እድሮቻችን)፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እንደ ልማዳችን በደቦ ሊችሉት ቃል ገብተዋል።

ገንዘብ የሌለው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ያገለገለ ግን የሚሠራ ፍሪዘር ይላክልን። የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ባለሙያ የሆናችሁ ለእረፍት ስትመጡ አንድ ቀን ስጡን። የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው፦ አንድ ከአስጋሪዎች፣ አንዲት ከዓሣ አጽጂ ሴቶች፣ አንድ ከቅሬ። ደረሰኙ ሁሉ ዳሱ ላይ ይለጠፋል፤ የዕቃውን የዋጋ ማቅረቢያ ማየት ለሚፈልግም እንልካለን። የሒሳብ ቁጥሩን በየመንደራችሁ ካለው የቅሬ ሰብሳቢ በአካል ወይም በስልክ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ በስልክ ከሚዘዋወር ከማይታወቅ ቁጥር ግን ተጠንቀቁ። መሠረቱን ክረምቱ ሳይገባ ማውጣት ስላለብን፣ የምትችሉትን ቶሎ አድርሱልን።