ስለ ጊታርሽ ተረከዝ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚጡዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ፍልሰታን ይዛለች፤ ጾሙና ሙቀቱ ተደራርበውባት ደከም ብሏታል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ወንድምሽ የላክሽለትን ፎቶ ትናንት ማታ አሳየኝ። ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል፣ አንገቱ በሚገባበት ቦታ ጀርባው ላይ በጠመኔ ማጭድ የመሰለ መስመር ተሰምሯል፣ ከጎኑ ግራይንደር አለ። «እጄን ስለሚከለክለኝ ልቆርጠው ነው» ብለሻል አሉ። ግራይንደሩን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ እሱን ለባለቤቱ መልሺ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ምንም ሌላ ነገር ብትረሺ ደግሞ ይቺን አትርሺ፦ ብሎኑን ሳትለኪ አታጥብቂ።

ተይው አላልኩሽም። መከልከሉ እውነት ነው። ጊታር ሠሪው ፌንደር በፈረንጆቹ 1950 አንገትን በብሎን የሚታሰር ጊታር ለገበያ ሲያወጣ ሐሳቡ ቶሎ ለመሥራትና ቶሎ ለመጠገን ነበር፤ የማንንም አውራ ጣት አላሰበም። ከ16ኛው ፍሬት፣ ከ16ኛዋ የአንገት ብረት፣ በኋላ ያ ባለአራት ማዕዘን ጉብታ፣ ተረከዙ፣ መዳፍሽን እንደ ግድግዳ ይገጥመዋል። ይቀረጻል፣ ደግሞም ያምራል። ግን በልኩ።

አሁን እርሳስ አንሺና አብረን እንደምር። ገላው እኔ የላክሁልሽ ዋንዛ ነው፣ 45 ሚሊ ውፍረት። የአንገቱ ማስገቢያ 16 ሚሊ ተቆፍሯል። ስለዚህ ከስሩ 29 ሚሊ እንጨት ይቀራል። የገዛሽው አንገት ተረከዙ ላይ 25 ሚሊ ነው፤ ከዚህ ላይ 6ቱ ፍሬቶቹ የተተከሉበት ፍሬትቦርድ ነው። አብሮት የመጣው ብሎን 45 ሚሊ። ከብሎኖቹ ራስ ስር ያለው የብረት ሰሌዳ 2፣ እንጨቱ 29፤ አንገቱ ውስጥ የሚገባው 14 ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ደህና። በጠመኔ ያሰመርሽውን ያህል ከቆረጥሽ ግን በቀጭኑ ክር በኩል የሚቀርልሽ 17 ሚሊ ነው፣ ሰሌዳውም ይነሳል። ያው ብሎን 28 ሚሊ አንገት ውስጥ ሊገባ ነው። አንገቱ 25 ነው። ሦስቷ ሚሊ የት እንደምትወጣ አንቺው ንገሪኝ።

የአጎትሽን ቀይ ጊታር ታስታውሻለሽ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ፍሬትቦርዱን በጣትሽ እየነካካሽ «አባዬ፣ ይቺ ነጥብ ለምን ብቻዋን ሆነች?» ትዪኝ ነበር። ሌሎቹ 15፣ 17፣ 19 ላይ መሀል ለመሀል ተሰልፈዋል፤ ያቺ ግን 18 ላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ክር መሀል ናት። «ጌጥ ናት» አልኩሽ። ጌጥ አይደለችም። ተረከዙን አቅጥኜ የድሮውን ብሎን የመለስኩባት ቀዳዳ ናት። ካቻቪቴው ሲከብደኝ ማቆም ነበረብኝ፤ ገፋሁበት። ጠቅ አለ። በከብት አጥንት ሞልቼ አለስልሼ ለአጎትሽም ጌጥ ነው አልኩት። አምኖኝ ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ እስኪሞት ድረስ ሰርግ ለሰርግ ይዞት ዞረ፤ አንድ ቀንም ስለ ነጥቧ አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሥራው እንመለስ።

ከመቅረጽሽ በፊት ቀዳዳዎቹን ጨርሺ። ጀርባው ጠፍጣፋ ሳለ በቋሚ ድሪል ቀጥ ያለ ቀዳዳ ይወጣልሻል፤ ከቀረጽሽው በኋላ ፑንታው ተዳፋቱ ላይ ይንሸራተትና ይጣመማል። የብረት ሰሌዳውን ተይው፣ ተዳፋት ላይ አይቀመጥም። ኢባኔዝ በአንዳንድ ጊታሮቹ እንደሚያደርገው ለእያንዳንዱ ብሎን የራሱ ቀለበት ይኑረው። የላክሁልሽ ቀለበቶች 14 ሚሊ ስፋት አላቸው። የቀለበቱን መቀመጫ ከመጨረሻው ቅርጽ ላይ ቆጥረሽ ከአሁኑ አውርጂው፣ ታቹ ጠፍጣፋ ይሁን። ከዚያ መሀሉን በ4.5 ፑንታ እስከ ማስገቢያው አሳልፊው። ብሎኑ በገላው ውስጥ በጣት ተገፍቶ ማለፍ አለበት። ጥርሱ ገላውን ከነከሰ አንገቱን አይስብልሽም፤ ጥብቅ ያለ ይመስልሻል፣ ከስር ግን ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። አንገቱን በ3 ሚሊ ፑንታ ብሺው፣ ግን 15 ሚሊ ላይ ፑንታውን ፕላስተር ጠቅልዪለት፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ቁሚ። ጥርሱን ሻማ ቀቢው፣ የአንገቱ እንጨት ሜፕል ነው፣ ሜፕል ደረቅ ብሎን አይወድም፣ ራሱን ይቆርጠዋል።

አንዱ ብሎን ከቦታው ይነሳል። በቀጭኑ ክር በኩል ወደ ፊት ያለው ጥግ ሲከረከም መቆሚያ ያጣልና ክሮቹ ገላው ላይ ወደሚያርፉበት ወደ ብሪጁ 10 ሚሊ ሳቢው። ደግነቱ አንገቱ ገና አልተበሳም። የትኛውም ቀዳዳ ከማስገቢያው ጠርዝ ከ9 ሚሊ በላይ አይጠጋ፣ ይሰነጠቃል።

በነገራችን ላይ የቤት ኪራይሽን ከፍለሻል? እናትሽ ጠይቅ ብላኛለች።

ቅርጹን በግምት አታሰምሪ። አንገቱን በሁለት ብሎን ብቻ እሰሪው፣ ክር አታድርጊ። ታቅፈሽው ተቀመጪ፣ መዳፍሽንና የአውራ ጣትሽን ስር ጠመኔ ቀቢ። ከዚያ 17፣ 19፣ 22 ላይ እንደምትጫወቺ ሆነሽ እጅሽን አመላልሺ። ጠመኔው የተለቀለቀበት ቦታ ነው የሚነሳው፣ ሌላው አይነካም። ሰው ሁሉ ጀርባውን ያቀጥናል፤ እጅ የሚከለክለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥጉ ነው። መጀመሪያ ጥጉን ብቻ አንሺና እንደገና ሞክሪው። ምናልባት ያን ሁሉ ማቅጠን ላያስፈልግሽ ይችላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

በእንጨት ሞረድ ሥሪ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ። ወደ ውጭ ከገፋሽ ዋንዛው ጠርዙ ላይ ይቦጨቃል። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 120፣ 180፣ 240። አፍሽን ሸፍኚ፣ ጸጉርሽን እሰሪ። በየአሥር ደቂቃው አቁመሽ በካሊፐር ለኪው። በወፍራሙ ክር በኩል 25 ሚሊ ይቅር፣ በቀጭኑ በኩል 17። ከ15 በታች ከወረድሽ አባትሽ አይደለሁም! 10 ቁጥር የሚባለው የክር ስብስብ 45 ኪሎ ያህል ይስባል፤ ስሩ ከሳሳ አንገቱ ወደፊት ይሰግዳል፣ ክሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ብሪጁን ብታወርጂውም አይድንም። ጊብሰን በፈረንጆቹ 1961 ኤስጂ የሚባለውን ቅርጽ ሲያወጣ ተረከዙን ሊያጠፋው ትንሽ ቀርቶት ነበር። እጅ ደስ አለው፣ መገጣጠሚያው ግን ደከመ፤ በኋላ ደጋግሞ ቀየረው። የአንገቱን ሜፕል ራሱን ደግሞ በጭራሽ አትንኪ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ብረት፣ ትረስ ሮዱ፣ እዚያ ውስጥ ነው።

ቀለበቶቹንና ብሎኖቹን በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ፣ ሐሙስ ይደርሱሻል። ከሃሎዋው ስር በጨርቅ ተቋጥረዋል። ሁለቱ 40 ሚሊ ናቸው፤ ለወፍራሙ ጎን፣ 15 ሚሊ ይገባሉ። ሁለቱ 30 ናቸው፤ ለቀጭኑ ጎን፣ 13 ይገባሉ። የአጭሮቹን ራስ ቀይ ቀብቻለሁ። 40ው በስህተት በቀጭኑ በኩል ከገባ 23 ሚሊ ወርዶ ፍሬትቦርዱን ከስር ይወጋዋል። ቀይ መቀባቴ ግን መለካትሽን አያስቀርም፣ እኔም እሳሳታለሁ፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ ከትተሽ በማስገቢያው በኩል የወጣውን ጫፍ ለኪ። 13፣ 15። ሌላ ቁጥር ካየሽ አታጥብቂ።

የማስገቢያውን ጎን ነገር ደግሞ አደራ። እዚያ አሁን ክረምት ነው፣ ዋንዛው ጠጥቶ አብጧል። ዋንዛና ሜፕል እኩል አይጠጡም፣ እኩልም አይደርቁም። ለቁልቢ ስትመጪ ድሬ ላይ ሊላላብሽ ይችላል። ብሎን ሳይኖረው አንገቱን ይዘሽ ስታነሺው ገላው ተንጠልጥሎ ቢቀር በቂ ነው፤ በመዶሻ የሚገባ አታድርጊው፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። ስትመጪ ክሩን አላልተን አብረን እናየዋለን፣ ካስፈለገ እኔ አጠብቀዋለሁ።

የአክስትሽን ስልክ አንሺ፣ ሦስት ጊዜ ደውላልሽ አጥታሻለች። እናትሽ ስማት ብላሻለች፣ ከሥራ ስትገቢ ሳትበዪ ሞረድ አትያዢ ትላለች።

ካቻቪቴውን ከማንሳትሽ በፊት ደውይልኝ። አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ታነቢልኛለሽ።

አባትሽ

ግራይንደሩን መልሰሻል?