ለሐዋሳ ወላጆች፦ ጉዳዩ በሽምግልና አያልቅም

ውድ አባሎቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

«ልጅ የደፈረ የነፍስ አባት ይከሰሳል ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ አዎ፣ ይከሰሳል። መስቀል መያዝ ከተጠያቂነት አያድንም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

«የቤተ ክርስቲያን ስም ይጠፋል» ብለው ሽማግሌ ቢልኩባችሁ በጭራሽ እሺ አትበሉ። ልጅቷን አታጥቧት። ልብሷንም ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት፤ ለፖሊስም አመልክቱ። ደጋግማችሁ አታስጨንቋት፣ የነገረቻችሁን በራሷ ቃል ጻፉት።

የቆየ ጥቃትስ? ለእንዲህ ያለ ወንጀል ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 20 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። በ5 ዓመቷ የተጠቃች ልጅ በ25 ዓመቷ በሩ ይዘጋባታል ማለት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ይርጋ ላለፈባቸው ተጎጂዎች እስከ 2021 ድረስ የካሳ ክስ በር ከፍታ ነበር።

ቅዳሜ ጠበቃ ይዘን እንመጣለን። ጥያቄ ያላችሁ ለብቻችሁም ማነጋገር ትችላላችሁ።