ዜሮ አወርስ (የሥራ ሰዓት ዋስትና በሌለው ውል) ለምትሠሩ አባላት

ጤና ይስጥልን፣ ውድ የለንደን አባሎቻችን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እህታችን ስልኳን አሳየችኝ። ሌሊት ተነስታ አውቶቡስ ላይ እያለች «ዛሬ አትምጪ» የሚል መልእክት ደርሷታል። «ዜሮ አወርስ ነኝ፣ ምን መብት አለኝ ብለህ ነው?» አለችኝ። ብዙዎቻችሁ እንደዚያ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ግን መብት አላችሁ።

ትልቁ የእረፍት ክፍያ ነው። ሰዓታችሁ ከሳምንት ሳምንት ቢለያይም፣ ከሠራችሁት ሰዓት 12.07 በመቶው የሚከፈልበት እረፍት ነው። 100 ሰዓት ከሠራችሁ 12 ሰዓት ያህል ማለት ነው። አንዳንድ አሠሪ በየደመወዙ አብሮ ይከፍላል። ይህ ተፈቅዷል፤ ግን ፔይስሊፑ (የደመወዝ ዝርዝሩ) ላይ ለብቻው ተጽፎ መታየት አለበት። «ውስጡ አለ» የሚባል ነገር የለም። ዛሬውኑ ፔይስሊፓችሁን አውጡና እዩ።

ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ለእናንተም ይሠራል። ሥራ ቦታ ደርሳችሁ «ቆይ፣ ጠብቅ» ከተባላችሁ፣ የጠበቃችሁበት ይቆጠራል። ኬር (ሰው ቤት እየሄዳችሁ የእንክብካቤ ሥራ) የምትሠሩም ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው የምትሄዱበት ሰዓት እንደዚሁ።

«ሌላ ቦታ እንዳትሠራ» የሚል አንቀጽ ከ2015 ጀምሮ ዋጋ የለውም። የተሰጣችሁን ሺፍት እምቢ ማለትም ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ሺፍት ሲጠፋባችሁ ምን እንደሚሰማ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ስለዚህ የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ መልእክቶቹንም አታጥፉ።

ችግር ካለ ኤካስ (Acas፣ ስለ ሥራ መብት ምክር የሚሰጠው ተቋም) ጋ ደውሉ፤ ምክሩ በነጻ ነው። ክስ የጊዜ ገደብ ስላለው ግን አታዘግዩ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ለእኔ ጻፉልኝ፣ አብረን እንደውላለን።